ሁለት ጉም ያላት ከተማ

ጥቅምት ላይ ከቃሊቲ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር በአንድ ጉዞ ሁለት የማይጣጣሙ ነገሮች ይገጥሙታል። ንጋት ላይ አቃቂ ድልድይ ሲደርስ ጉሙ ከፊቱ ያለውን ተሳቢ ውጦታል፤ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የመንገዱን ጠርዝ ይጠቁመዋል። ቱሉ ዲምቱን፣ አዳማን፣ አዋሽን፣ ሚሌን አልፎ በጋላፊ ተሻግሮ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ደግሞ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ ላቡ አይደርቅለትም፤ አየሩ በውሃ ተሞልቷል። ጉም ግን የለም። ወደቡ ላይ የቆሙት መርከቦች እስከ አድማሱ ይታያሉ።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገርማል። 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ወበቃማ የጅቡቲ ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ20 ግራም በላይ የውሃ ተን ይይዛል። በአቃቂው ንጋት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ቢሆን፣ ያው አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚኖረው 9 ግራም ያህል ነው። እጥፍ ውሃ የተሸከመው አየር ጥርት ብሎ ቀረ፤ ግማሹን የያዘው ጉም ሆነ። ስለዚህ «ጉም የሚመጣው ውሃ ከበዛበት ቦታ ነው» የሚለው ግምት፣ የብዙዎቻችን ቢሆንም፣ ጥያቄውን ከተሳሳተ ጫፍ ይይዘዋል። መጠየቅ ያለበት አየሩ ስንት ውሃ አለው ሳይሆን፣ ምን አቀዘቀዘው የሚለው ነው።

የውሃ ተን አይታይም። ጉም ሆኖ የምናየው ተኑ ወደ ጥቃቅን ፈሳሽ ጠብታ ሲለወጥ ነው፤ ይህንን ለውጥ የሚወስነውም ሙቀት ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ30 ዲግሪ እስከ 30 ግራም፣ በ20 ዲግሪ 17፣ በ10 ዲግሪ 9 ግራም ያህል ተን ይችላል፤ በ0 ዲግሪ ከ5 ግራም በታች ነው። እየቀዘቀዘ የሚሄድ አየር አንድ ቦታ ሲደርስ የያዘው ተን ከሚችለው ልክ ጋር ይተካከላል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ያንን ሙቀት የጤዛ ነጥብ ይሉታል። ከዚያ በታች ትንሽ እንኳ ከወረደ ትርፉ ተን ውሃ መሆን አለበት፤ በሣር ላይ ካረፈ ጤዛ፣ በአየር ላይ ከተንሳፈፈ ጉም ይባላል። በክረምት ሚኒባስ ውስጥ የሹፌሩን መስታወት የሚያደበዝዘውም ይኸው ነው፤ የተሳፋሪው ትንፋሽ ቀዝቃዛውን መስታወት ነክቶ ነው። የጅቡቲው አየር የጤዛ ነጥቡ ሃያ አምስት ዲግሪ ግድም ቢሆንም፣ እስከዚያ ድረስ የሚያቀዘቅዘው ነገር በአካባቢው የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን አየር የሚቀዘቅዝባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ ለዚህም ነው ከተማዋ ሁለት ጉም ያላት። አንደኛው የእንጦጦ ነው። ሐምሌ ላይ ሽሮ ሜዳ ቆሞ ሽቅብ የሚያይ ሰው ተራራው ከወገቡ በላይ ደመና ለብሶ ያገኘዋል። እዚያው ደመና ውስጥ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ምእመን ግን ነጠላውን እየሰበሰበ ስለ ጉሙ ያማርራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጉም መሬት የነካ ደመና ነው፤ ልዩነቱ የተመልካቹ እግር የት እንደቆመ ብቻ ነው።

የእንጦጦን ጉም የሚሠራው መውጣት ነው። ነፋስ አየሩን ወደ ተራራው ሲገፋው አየሩ ሽቅብ ይሄዳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጫነው የአየር ክብደት ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ ሙቀቱን ይከፍላል። ሂሳቡ ለ1,000 ሜትር 10 ዲግሪ ያህል ነው። የጤዛ ነጥቡም አብሮ ይወርዳል፣ ግን በዝግታ፣ ለ1,000 ሜትር 2 ዲግሪ ያህል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በየ125 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ይጠባል። መሐል ከተማው 2,400 ሜትር ላይ ሙቀቱ 17፣ የጤዛ ነጥቡ 12 ነው እንበል። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ነው፤ አምስት ጊዜ 125 ደግሞ 625 ሜትር ይሆናል። ደመናው 3,025 ሜትር ላይ ይጀምራል ማለት ነው፤ የእንጦጦ አናት ከዚያ በላይ ስለሚደርስ ራሱን ደመናው ውስጥ ይከታል። በዚያው ሰዓት አቃቂ ላይ ያለ ሰው ከራሱ በላይ ግራጫ ጣሪያ ያያል እንጂ ጉም አይነካውም።

የአቃቂ ተራ የሚደርሰው እንጦጦ ሲጠራ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ የከተማዋ ደቡባዊ ወለል ነው፤ ከፍታው 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከእንጦጦ አናት በ1,000 ሜትር ገደማ ያንሳል። በምሥራቅ የረር፣ በምዕራብ ፉሪና ወጨጫ ይመለከቱታል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ከፍታዎች የተቀበሉትን ይዘው በዚህ ሜዳ ያልፉና የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ በተሠራበት አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። መሬቱ ዋልካ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ በፊት ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር የሚዘራበት አገር ነበር፤ በዳር በዳሩ ዛሬም ይዘራል። ዋልካ ሦስት ወር የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም፤ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ ላዩ ቢሰነጣጠቅም ውስጡ እርጥብ ነው።

በክረምት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ ስትለቅ ደመናው ይቀበልና አብዛኛውን መልሶ ይልክላታል። ዝናቡ ወደ ደቡብ ሲሸሽና ሰማዩ ሲገለጥ ተቀባይ የለም። ሙቀቱ ወደ ሕዋ ይሄዳል፤ የመሬቱ ገጽ ይቀዘቅዛል፤ መሬቱን የነካው አየር ተከትሎት ይቀዘቅዛል። ከላይ ያለው አየር ገና ሙቀት ስላለው የተለመደው ሥርዓት ይገለበጣል፤ ታች ብርድ፣ ላይ ሙቀት ይሆናል። በዚህ ላይ የዳገቱ ብርድ ይጨመራል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊቱን ከእንጦጦ፣ ከየረርና ከፉሪ ጎን እየተንሸራተተ ወንዞቹ በሚወርዱበት ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዞቹ የሚሰበሰቡበት ሜዳ ላይም ይተኛል። አቃቂ የከተማዋን ውሃ ብቻ ሳይሆን ብርዷንም የምትቀበል ናት።

«ጉሙ ከወንዙ ይወጣል» የሚሉ የአካባቢው ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ያዩት ግን የነገሩን ትንሽ ክፍል ነው። ለብ ያለ ውሃ በቀዝቃዛ አየር ሥር ሲሆን ከገጹ ቀጫጭን እንፋሎት ይነሳል፤ ወንዙ ላይ፣ በፍሳሽ ማጣሪያው ኩሬዎች ላይ፣ በአባ ሳሙኤል ላይ ይህ በየማለዳው ይታያል። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍነው ጉም ግን ከወንዙ አልወጣም። እርጥበቱ ከራሱ ከዋልካው፣ ከሰብሉና ከሣሩ ነው፤ ቅዝቃዜው ከሰማይና ከተራራው። ወንዙ ሸለቆውን ስለቆፈረ ብርዱን መርቶ አምጥቶታል፤ ትልቁ ድርሻው ይኸው ነው።

ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው፤ ልኩ ግን ጠባብ ነው። ጭራሽ ካልነፈሰ ተኑ ሁሉ ሣር ላይ ያርፍና ጠዋት የሚገኘው ጤዛ ብቻ ነው። ከበረታ ደግሞ የላዩን ሙቀት ከታቹ ብርድ ጋር ደባልቆ ጉሙን ያፈርሰዋል። የሚፈለገው ቅጠል ለማወዛወዝ የማይበቃ፣ ብርዱን ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ከፍ የሚያደርግ እስትንፋስ ነው። አንዴ ከተፈጠረ ጉሙ ራሱን ያሳድጋል፤ ሙቀት ወደ ሰማይ የሚለቀው ከእንግዲህ መሬቱ ሳይሆን የጉሙ ገጽ ስለሚሆን ከላይ እየቀዘቀዘ ይወፍራል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ስስ ነው። ቂሊንጦ ወይም ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ምድር ቤት ያለውን ጎረቤቱን ላያይ ይችላል።

የአውሮፓ መጻሕፍት ይህን ዓይነቱን ጉም ከረጅም ሌሊት ጋር ያያይዙታል፤ እዚያ ሌሊቱ በክረምታቸው እስከ አስራ ስድስት ሰዓት ስለሚረዝም ልክ ናቸው። ለእኛ ግን አይሠራም። በአዲስ አበባ ረጅሙና አጭሩ ሌሊት የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። የእኛን ጉም የሚወስነው የሌሊቱ ርዝመት ሳይሆን ሁለት ቀጠሮዎች መገጣጠማቸው ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ አፈሩ ገና እርጥብ መሆን አለበት። በሐምሌ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ሰማዩ ዝግ ነው። በታኅሣሥ ሰማዩ ክፍት ነው፣ አፈሩ ደርቋል፤ የአየር ትንበያው «ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ» የሚለው ወቅት ነው፤ ብርዱ ቢጠናም የሚያወርደው ውርጭ ነው እንጂ ጉም አይደለም። የሚገጣጠሙት በመሸጋገሪያው፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት ነው። ሳይታሰብ በበጋ ዝናብ ጥሎ በማግስቱ ከጠራ ደግሞ ቀጠሮው እንደገና ይሞላል።

ጉሙ የሚከብደው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት ላይ፣ ብዙ ጊዜም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ልክ ሠራተኛው ወደ ፋብሪካ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት በሚወጣበት ሰዓት። የመጀመሪያው ጨረር ጤዛውን መልሶ ተን ያደርገዋል፤ አየሩንም በጥቂቱ ያነቃንቀዋል፤ ለማድረቅ ግን ገና አቅም የለውም። ሦስት ሰዓት ሲሆን መሬቱ ይሞቅና ጉሙ ከሥሩ መብነን ይጀምራል፤ «ተነሳ» የምንለው ታቹ ስለጠፋ ነው።

የውሃው ማነስ ደግሞ ለማመን ያስቸግራል። 200 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነገር የሚሰውር ጉም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውሃ ከአንድ ግራም አንድ አስረኛ ያህል ብቻ ነው። በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ 50 ሜትር ከፍታ ያለው ጉም ቢተኛ ውሃው ሁሉ ቢጨመቅ 50 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው። ይህን ያህል ትንሽ ውሃ ተሳቢ የሚደብቀው በጣም ስለተከፋፈለ ነው፤ ጠብታዎቹ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሱ፣ ቁጥራቸውም በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ነው። እያንዳንዷ ጠብታ ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ትበትነዋለች። ሹፌሩ ረጅም መብራት ባበራ ቁጥር ነጭ ግድግዳ የሚገጥመውም በዚህ ነው፤ መብራቱ ራሱ ወደ ዓይኑ ይመለስበታል። ዝቅ ያለው መብራት ከጠብታዎቹ ሥር መንገዱን ያገኛል።

የመውጣት ጉም በትክክለኛ መልኩ የሚታየው ገደል ባለበት ነው፤ ለእኛ ደግሞ ከጣርማበር የተሻለ የለም። ከአፋር ወገን የሚመጣው አየር በ1,300 ሜትር ግድም ላይ ያለችውን ሸዋ ሮቢትን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ግድግዳ መውጣት አለበት። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ 27፣ የጤዛ ነጥቡ 17 ከሆነ በቀደመው ሂሳብ 1,250 ሜትር ሽቅብ፣ ደብረ ሲና ልትደርሱ ስትሉ ጉም ውስጥ ትገባላችሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን በቆፈረው ዋሻ በአንዱ አፍ ጉም፣ በሌላው አፍ ፀሐይ የሚገኘውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ጫፉን ያለፈ አየር ቁልቁል ሲል ይሞቃል፣ ጠብታዎቹም ይተናሉ። በዳገቱ ላይ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ከዚህ ጉም ይጠጣል። ዛፎቹና ከእነሱ በላይ ያለው አስታ የሚያልፈውን ጉም በቅጠላቸው እያበጠሩ ወደ ሥራቸው ያንጠባጥቡታል፤ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ከዛፍ ሥር ያለው አፈር ብቻ ረጥቦ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ጉም መዝገን ከንቱ ነው የሚል ሰው ስለ አቃቂ ከሆነ ትክክል ነው፤ የተኛ ጉም ያለውን ሁለት ጀሪካን ተኩል ሰጥቶ ያልቃል። የሚራመድ ጉም ግን የወሰዳችሁበትን ከኋላ ይተካል። በቺሊ ጠረፍ ተራሮች ላይ በነፋሱ አቅጣጫ የተገተሩ መረቦች ለመንደር የሚበቃ ውሃ የሰበሰቡት በዚህ ምክንያት ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪም እ.ኤ.አ. በ2015 ከጉም፣ ከጤዛና ከዝናብ ውሃ የሚሰበስብ ዋርካ የተባለ የቀርከሃ ማማ ያቆመው ደጋዋ ዶርዜ ላይ ነው። ቦታው በደንብ የተመረጠ ነው እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ማማ አቃቂ ሜዳ ላይ ቢተከል ከጉሙ የሚያገኘው ነገር ለወሬ አይበቃም።

አሁን ወደ ባሕሩ። ባሕር ጉም እንዲሠራ ከላዩ ከሚያልፈው አየር የጤዛ ነጥብ በታች መቀዝቀዝ አለበት፤ ስለዚህ የባሕር ጉም አገሮች የሞቃት ባሕር ጎረቤቶች አይደሉም። ሳን ፍራንሲስኮ፣ የናሚቢያ በረሃ ዳርቻ፣ ፔሩና ቺሊ በሙሉ ከጥልቁ የሚወጣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍባቸው ናቸው። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የኦማኗ ሳላላ ናት። እኛ ክረምት በምንልበት ወቅት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ በሶማሊያና በኦማን ጠረፍ የባሕሩን ላይኛ ውሃ ከዳርቻው ይገፋዋል፤ በምትኩ ቀዝቃዛው ከታች ይወጣል። በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ ዳርቻ ውሃው በሐምሌና በነሐሴ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እርጥቡ ነፋስ ይህን ውሃ ሲያልፍ ጉም ይሆናል፤ ከሳላላ ጀርባ ያለው ተራራም ቀሪውን ሽቅብ ወስዶ ዓረቢያ ውስጥ አረንጓዴ አገር ይፈጥራል። እንዲህ ባሕሩ ጀምሮት ገደሉ የሚጨርሰው ጉም በብዙ ጠረፎች አለ። አየሩ ለጤዛ ነጥቡ አንድ ዲግሪ ብቻ ከቀረው 125 ሜትር ከፍታ ያለው የባሕር ዳር ገደል ይበቃዋል፤ አሸዋው ላይ ሰው ፀሐይ እየሞቀ የገደሉ አናት ይሰወራል።

ቀይ ባሕር ከዓለም ሞቃት ባሕሮች አንዱ ስለሆነ ለዚህ አይመችም። የእሱ ተን ጉም የሚሆነው ርቆ ሄዶ፣ ዳገት ወጥቶ ነው። በአውሮፓውያኑ ክረምት ከአስመራ ወደ ምጽዋ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ አስመራ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ነፋሲት አካባቢ ከባድ ጉም፣ ምጽዋ እንደገና ፀሐይ። የደብረ ቢዘን መነኮሳት ደመናውን ቁልቁል ያዩታል፤ የፊልፊል ሰለሞና ደንም በዚሁ ጉም ይኖራል።

እስካሁን አንድ ነገር ሳልጠቅስ አልፌያለሁ። ተን ጠብታ ለመሆን የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። ስኮትላንዳዊው ጆን ኤይትከን እ.ኤ.አ. በ1880 ይህን በቀላል ሙከራ አሳይቷል። በአንድ የመስታወት ዕቃ ተራ አየር፣ በሌላው በጥጥ የተጣራ አየር አድርጎ ሁለቱም ውስጥ እንፋሎት ሲለቅ የመጀመሪያው በነጭ ጉም ተሞላ፤ ሁለተኛው ጥርት ብሎ ቀረ። ማረፊያው አቧራ፣ ጭስ ወይም ባሕር ዳር ከሆነ የማዕበሉ ጨው ነው፤ ጨው ውሃ ስለሚስብ አየሩ ሳይጠግብ ጀምሮ ጭጋግ ይሠራል።

አቃቂ ቃሊቲ በማረፊያ አይታማም። ባቡሩ፣ ወንዙና ሜዳው የሳቧቸው ፋብሪካዎች፣ ወደ ጅቡቲና ከጅቡቲ የሚመላለሱ ናፍጣ መኪኖች፣ የከሰልና የእንጨት ጭስ አሉ። ከተማዋ ጭስ የሚያወጣውን ሥራዋን ብርድ አየር ወርዶ በሚተኛበት ወለል ላይ መደርደሯ ከአየር አንፃር ሲታይ መጥፎ ምርጫ ነበር። ላዩ ሞቃት፣ ታቹ ቀዝቃዛ በሆነ ማለዳ ጭሱ ጥቂት ከፍ ይልና መውጫ ያጣል፤ አግድም ይነጠፋል። ማረፊያው ሲበዛ ያው ውሃ ለብዙ ጠብታ ይከፋፈላል፤ ጠብታዎቹ ያንሳሉ፣ ጉሙ ይነጣል፣ ዕይታውም ይቀንሳል። ይህን በከተማው ሁሉ ማየት የሚፈልግ ኅዳር 12 ጠዋት ይውጣ። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የቆየው «ኅዳር ሲታጠን» በየደጁ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ነው፤ የሚውለውም ሌሊቱ ጥርት፣ ማለዳው ጸጥ በሚልበት ወቅት ነው። ጭሱ የትም አይሄድም። ለንደን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለአምስት ቀን ያህል በእንዲህ ያለ ክዳን ሥር የድንጋይ ከሰል ጭስና ጉም ተቀላቅሎባት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተውባታል።

ጉሙ ወደፊት ምን ይሆናል? ሁለት ነገሮች በተቃራኒ ይጎትቱታል። ጭሱ ያከብደዋል። አስፋልቱና ኮንክሪቱ ግን መሠረቱን ይነጥቁታል፤ ዋልካው ሲሸፈን የሚተን ውሃ ይቀንሳል፣ ግንቡም የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ከተሞች ሲስፋፉ የማለዳው ዝቅተኛ ደመናና ጉም እየሳሳ መሄዱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ላይ ማሳውን የተካው ግንባታም በዚያው ሕግ ይገዛል። ጉሙ መጀመሪያ የሚለቀው ኮንዶሚኒየም የቆመበትን ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ የመጨረሻ ይዞታው የሚሆነው በሁለቱ ወንዞች ዳርና በአባ ሳሙኤል ረግረግ፣ በበጋ ከሩቅ የሚመጡ ወፎች በሚያርፉበት እርጥብ መሬት ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻ ግን ከዚህ ዝቅተኛ መሬት ብዙም ስለማይርቅ፣ በጥቅምት ማለዳ የሚነዳ ሰው ለጊዜው ፍጥነቱን መቀነስ አይቀርለትም።